አራዳ የት ነው?

ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ሚኒባስ ሞልቷል። ረዳቱ ግማሽ ገላው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ «ሂሳብ! ከኋላ ሂሳብ!» ይላል። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አራት ቦታ የታጠፈ ባለ 200 ብር ኖት ይዘረጋሉ።

«እማማ፣ ዝርዝር የለኝም። ገና መውጣቴ ነው።»

እናት ቋጠሮውን ደግመው ይዳብሳሉ። ሌላ የለም። ታክሲ የሚሳፈር ሁሉ የሚያውቀው ዝምታ ይሰፍናል፤ ተሳፋሪው ባንድ አፍታ መስኮት መስኮቱን ማየት ይጀምራል። ይሄኔ ከመጨረሻው ወንበር ጥግ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ወጣት አንገቱን እንኳ ሳያቀና «የአክስቴን ከኔ ጋር ያዘው» ይላል። ሴትየዋ ዞር ብለው ያዩታል። አያውቁትም። ረዳቱም አክስቱ እንዳልሆኑ ገብቶታል። ሂሳቡን ተቀብሎ መልስ እየቆጠረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ቃል ይወረውርለታል።

«አራዳ!»

«ደግ ነህ» ሊለው ይችል ነበር። ክፍያው ብቻ ቢሆን «ደግ» ይበቃል። ረዳቱ የወደደው ግን «አክስቴ» የምትለዋን ነው። ልጁ በአንዲት ትንሽ ውሸት ሦስት ሰው ገላገለ፦ እናትን ከሀፍረት፣ ረዳቱን ከጭቅጭቅ፣ ራሱን ደግሞ ከምስጋና። ይህን ሁሉ ጠቅልሎ የሚያሞግስ ሌላ የአማርኛ ቃል ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

ቃሉ ሰውን ማሞገሻ ከመሆኑ በፊት የገበያ ስም ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ኑሮዋ በሁለት ኮረብታ ላይ ተከፈለ። በአንዱ ላይ የምኒልክ ግቢ ቆመ፤ መኳንንቱና ሠራዊቱም እንደ ማዕረጋቸው ዙሪያውን ሰፈሩ። በሌላው፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ፣ ገበያ ተዘረጋ። ያ ገበያ አራዳ ይባል ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመተ፣ ስምንት ማዕዘኑ ሕንፃም በዚያ ድል መታሰቢያነት የታነጸ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ደብር ነው። ይህ ሁሉ ክብር እያለው እንኳ ዛሬም ድረስ ብዙ ሰው ባጭሩ «አራዳ ጊዮርጊስ» ነው የሚለው። ሰማዕቱ የገበያውን ስም ቅጽል አድርጎ ይጠራል። የከተማዋን ጸጥታ ይጠብቁ የነበሩትም ቢሆኑ «የአራዳ ዘበኛ» ነበር የሚባሉት።

ስሙ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ጎንደርም አራዳ አላት፤ ወላይታ ሶዶም አላት። ሰው ተሰብስቦ የሚሸጥበትና የሚለውጥበትን የከተማ እምብርት አራዳ ማለት በሌሎችም ከተሞች የታወቀ ነው። ሙገሳው ግን የተወለደው ከአዲስ አበባው ገበያ ነው፤ ለምን ከዚያ እንደተወለደ ለመረዳትም ገበያው እንዴት ይሠራ እንደነበር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ዋናው ቀን ቅዳሜ ነው። ከየአቅጣጫው ቅቤና ማር፣ ቡና፣ እህል፣ ከብት፣ በቅሎ ይገባል። ዳር ዳሩን ደግሞ የህንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቆች አሉ። አዋጅ የሚነገረው እዚያ ነው፤ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። ነጋድራሱ ቀረጥ ይሰበስባል። ገዥና ሻጭ በቋንቋ ላይገናኙ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስቸግረው ገንዘቡ ራሱ ነው።

ትልቁ ገንዘብ ጠገራ ብር፣ የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ከሩቅ ኦስትሪያ የተነሳው ይህ ብር ዛሬ ቢመታ፣ ነገ ቢመታ፣ ላዩ ላይ የሚነበበው ዓመት ያው 1780 ነው። ስለዚህ ዓመቱን አይቶ መለየት አይቻልም። ያገራችን ሰው ያየው የነበረው ሌላ ነገር ነው፦ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ። ዕንቁዎቹ አንድ በአንድ መቆጠር አለባቸው፤ ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥም ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ተፍቆ የሳሳውን፣ ነጠብጣቡ የጠፋውን ብር «አልቀበልም» ብሎ መመለስ የተለመደ ነበር። ዝርዝሩ ደግሞ አሞሌ ነው፤ ከአፋር ጨው ሜዳ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የመጣ የጨው ጡብ። አሞሌ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፣ ጠርዙ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ባንድ ብር ስንት አሞሌ እንደሚመነዘር በቦታውና በወቅቱ ይለያያል፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያልጠየቀ ሰው ከሰዓት ይከስራል።

እንግዲህ በዚህ ገበያ መሃል የሚያድግ ልጅ ምን ይማራል? ዕንቁ መቁጠር ይማራል። የሰው ፊት ማንበብ ይማራል። «ይህ ሰውዬ ከሩቅ ነው የመጣ፣ ዋጋ አያውቅም» ይላል በልቡ። ያን ካወቀ በኋላ የሚያደርገው ነገር የራሱ ምርጫ ነው፤ ወይ ይበላዋል፣ ወይ ይመራዋል። የአራዳ ልጅ ሁለቱንም ያውቅበታል። ቃሉ እስከ ዛሬ ሁለት ስለት ይዞ የቀረው ከዚህ የተነሳ ይመስላል።

የአማርኛ የሙገሳ ቃላት አብዛኞቹ ከሌላ መንደር የመጡ ናቸው። «ጎበዝ»ን እንውሰድ። ዛሬ አስተማሪ በቀይ እስክሪብቶ ደብተር ላይ የሚጽፈው ቃል ነው። ድሮ ግን ጎበዝ ማለት መሣሪያ የሚያነሳ፣ ለዘመቻ የደረሰ ጎልማሳ ነበር፤ «የጎበዝ አለቃ» የሚለው ሹመት የመጣው ከዚያ ነው። ሽማግሌ ሸንጎ ላይ ተነስቶ «ጎበዝ! ምን ይሻላል?» ሲል የሚጠራው ክንዱ የሚያገለግለውን ሰው ሁሉ ነው። «ጨዋ»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ጨዋ ይባላል። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ የንጉሡ ጭፍራ ስም ነበር፤ በየጠረፉ የሚሰፍር ወታደር። ከዚያ ወደ ባላባትነት፣ ከባላባትነት ወደ መልካም ጠባይ ተንሸራተተ። በቤተ ክህነት ሰዎች አፍ ደግሞ ያልተማረ፣ ፊደል ያልቆጠረ ማለት ሆኖ ቀረ። አንዱ ቃል ከጦር ሜዳ፣ ሌላው ከጦር ሰፈር የመጣ መሆኑ ነው። ጎበዝ ለመባል ክንድ፣ ጨዋ ለመባል ዘር ያስፈልግ ነበር።

አራዳ ለመባል ግን ማንም ዘርህን አይጠይቅህም። ገበያ ላይ የደጃዝማች ልጅም የሸማኔ ልጅም ያው አንድ ብር ይዞ ነው የሚቆመው። በግቢው ኮረብታ ላይ ሰው የሚለካው በአባቱና በሹመቱ ከነበረ፣ በገበያው ኮረብታ ላይ የሚለካው በንቃቱ ነው። ለዚህ አዲስ መለኪያ አዲስ ቃል አስፈለገ፤ ሰዉም ሩቅ ሳይሄድ የቆመበትን ቦታ ስም አንስቶ ሰጠው።

ሰዋስዉም ቀላል ነው። መጀመሪያ «የአራዳ ልጅ» ተባለ። ቀጥሎ «ልጅ» ወደቀ፣ «የ»ም ተከተለ፤ ሰውየው ራሱ «አራዳ» ሆነ። ከዚያ «አራዶች» መጣ፣ «አራድነት» መጣ። የሮም ሰዎችም ከተማቸውን ኡርብስ ይሏት ነበር፤ ንግግሩ የለሰለሰ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰውን ያወደሱበት ቃል ከዚያው ስም የወጣ ነው። የኛ ቃል የሚለየው ከከተማ በጠቅላላው ሳይሆን ከአንድ የታወቀ ሠፈር፣ እዚህ ጋ ነው ተብሎ በጣት ከሚጠቆም ቦታ መምጣቱ ነው።

ከዚያ ገበያው ከሥሩ ተነቀለ።

ጣሊያን በወረራው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባን በዘር ከፋፍሎ ሲያቅድ የሀገሬውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው። መርካቶ የሚለው ስም የዚያ ዘመን ትቶት የሄደው ነው። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የቆመውን፣ በኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሰሞን የተመረቀውን የምኒልክ ሐውልትም አውርዶ ቀበረው፤ ሐውልቱ ወደ ቦታው የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ነው። የቀድሞው ገበያ ሠፈር ግን ፒያሳ ተብሎ ቀረ፤ ጣሊያኑ ሄዶ ስሙ አልሄደም። በኋላም አንዱ አደባባይ በፈረንሳዩ መሪ በደጎል ስም ተሰየመ።

እንግዲህ አራዳ የሚለው ስም ሥራ ፈታ ማለት ነው። ገበያው መርካቶ ነው፣ አደባባዩ ፒያሳ ነው። ስሙ የሚያርፍበት ያጣ ይመስል ሙሉ በሙሉ ወደ ሰው የዞረው ከዚህ ወዲያ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ሰማንያ ዓመት በላይ ፒያሳ ስንል ኖረን አንድም ሰው ሌላውን ለማመስገን «ፒያሳ ነህ!» ብሎት አያውቅም። አንጋፋው የስፖርት ጋዜጠኛ ፍቅሩ ኪዳኔ የትዝታ መጽሐፉን «የፒያሳ ልጅ» ብሎታል፤ እዚያ ላይ ፒያሳ የትውልድ አድራሻ ነው። ማዕረጉ ግን አራዳ እንደሆነ ቀረ።

ከነፃነት በኋላ የነበሩት ሠላሳ ዓመታት የአራዳ ወርቃማ ዘመን ናቸው። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ፊልም ያሳያሉ፤ ካውቦይ አይቶ የወጣ ጎረምሳ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ የካውቦይ አካሄድ ይሄዳል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትርም እዚያው ነው። ቶሞካ በ1945 ዓ.ም. ቡናውን መቁላት ጀመረ። ቀጠሮ ከዓመታት በኋላም «ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ፊት ለፊት» ነበር። ሌሊቱ ደግሞ የውቤ በረሃ ነው፤ የደጃች ውቤ ሠፈር መጠጥ ቤቶች፣ ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» በተባለው ልብ ወለዱ ላይ ያኖራቸው። እዚያ የሚያመሽ ሰው ሽክ ብሎ ይለብሳል፣ ይጋብዛል፣ ከፍሎ ሲያበቃም እንዳልከፈለ ይሆናል።

በዚያ ዘመን የአራዳነት ትምህርት ቤት ሊስትሮ ነበር ማለት ይቻላል። ሊስትሮ ቃሉ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ሥራው ግን የአሮጌው ገበያ ወራሽ ነው። ልጁ ዱካ ላይ ተቀምጦ የሚያየው ጫማ ብቻ ነው። ተረከዙ ባንድ በኩል ያለቀ ጫማ ብዙ የሚሄድ ሰው ጫማ ነው፤ አዲስ ቀለም ያሮጌ ስንጥቅ የሸፈነበት ደግሞ ዛሬ ሥራ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ጫማ ነው። ጎበዝ ሊስትሮ ቀና ሳይል ደንበኛው ለጉርሻ የሚተርፈው ይኑረው አይኑረው ያውቃል፤ እንደሌለው ካወቀም ጫማውን እኩል ያበራለታል። አያቱ የማርያ ቴሬዛን ዕንቁ እንደቆጠረ፣ እሱ የጫማ ስፌት ይቆጥራል።

ቃሉ ሁልጊዜ ንጹሕ ሙገሳ ነበር ማለት ግን ማሞካሸት ይሆናል። «አራድነቱን በኔ ላይ ጀመረ» የሚል ሰው ተሸውዷል። ቢሮ ውስጥ «እስቲ አራዳ ሁን» የሚባለው ቃል የሻይ ሽታ አለው፤ ሕጉን ለአፍታ ዓይን ጨፍነህ እለፈው ማለት ነው። ለሴት ሲነገርም ለረጅም ጊዜ ጥላ ነበረው። ወንዱን አራዳ ያሰኘው ማምሸትና ሰው ማወቅ ሴቲቱን ለሐሜት ይዳርጋት ነበር። ዛሬ «አራዳ ናት» ሲባል ያ ጥላ ብዙም አይታይም፤ ግን ቃሉን ያነጹት ሴቶቹ ራሳቸው እንጂ ወንዶቹ አይደሉም።

ከሁሉም የከፋው ጎኑ ግን ተቃራኒው ነው፦ ፋራ። አራዳ ያለ ፋራ አይቆምም። ፋራ ማለት የማይነቃ፣ ቀልድ የማይገባው፣ አውቶብስ ውስጥ በስልክ የሚጮህ ሰው ነው ይባላል። እውነቱ ግን ቃሉ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከገጠር በመጣ ሰው ጫንቃ ላይ ነው። ባላገር የሚለውን ቃል ያየ ያውቀዋል፤ ባለ አገር፣ ርስት ያለው፣ የአገሩ ባለቤት ማለት ነበር። ከተማ ሲያድግ ስድብ ሆነ። ያ ሁሉ ቅቤና ማር፣ ያ ሁሉ እህል ይዞ ወደ አራዳ የመጣው ባላገር ነው፤ አራዳው ንቃቱን የተማረው በሱ ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ፋራ ተባለና ተመለሰ። ይህ ሒሳብ እስካሁን አልተወራረደም።

ቃሉ ዙሪያውን አንድ ሙሉ ቋንቋ አፍርቷል። «የአራዳ ቋንቋ» ይሉታል፤ የቋንቋ ምሁራንም በዚሁ ስም ያጠኑታል። ጥሬ ዕቃው ከየትም ነው። «ነቄ» ከራሳችን «ነቃ» ወጣ። «ሼባ» ሽበት ከሚል ዓረብኛ፣ «ጀማ» ማኅበር ከሚል ዓረብኛ፣ «ሽክ» ከፈረንሳይኛ መጣ። ዛሬ አራዳን ከሙገሳ ወንበሩ ገፋ እያደረገ ያለው «አሪፍ»ም ዓረብኛ ነው፤ አዋቂ ማለት ነው። ሁሉም የዚያ ገበያ ሱቆች ልጆች ይመስላሉ። ነገር ግን በቃል ተሸሽጎ መነጋገር እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት የአዝማሪዎችንና የነጋዴዎችን የምስጢር ንግግር መዝግቧል፤ አዝማሪ ከጌታው ፊት ቆሞ ጓደኛውን በሌላ አማርኛ ያናግረው ነበር። የቅኔ ተማሪም ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለሚገባው ይተዋል። የታክሲው ልጅ «የአክስቴን ከኔ ጋር ያዘው» ሲል ሰሙ ዝምድና ነው፤ ወርቁ የገባው ረዳቱ ነው።

ለዚህ ነው አራዳነት አንድ የማይሻር ደንብ ያለው። ማንም ለራሱ አይሰጠውም። «እኔ ጎበዝ ነኝ» የሚል ተማሪ ትንሽ ትዕቢተኛ ይባል ይሆናል፤ ጎበዝነቱ ግን አይሰረዝም። «እኔ አራዳ ነኝ» ያለ ሰው ግን ባለበት አፍታ አራዳነቱን ያጣል፤ ቢሆንማ ኖሮ አይናገረውም ነበር። ስሙን ሌላ ሰው፣ ያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊሰጠው ይገባል።

ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ የውቤ በረሃ ሌሊት ተዘጋ። አራዶቹ አረጁ፤ ገሚሱ በዚያ ዘመን ሞተ፣ ገሚሱ ተሰደደ፤ ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የአራዳ ልጆች አሉ፤ ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት ሠፈር ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ የተነሳው እሳት ከአሮጌው ቤት ብዙውን በላ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ ሳምንታት ሳይቆይ ለኮሪደር ልማት ተብሎ ዶሮ ማነቂያ የተባለውን ሠፈር ጨምሮ ዙሪያው ፈረሰ። ነዋሪው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ከከተማዋ ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሄደ። አራዳ የሚለውን ስም በጽሑፍ የሚያገኙት አሁን በአብዛኛው በክፍለ ከተማው ማኅተምና በር ላይ ነው።

አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ የጀበና ቡና ከምታፈላ ልጅ አጠገብ፣ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ዱካ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ከጎናቸው ሦስት ወጣቶች ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ አንድ እንግዳ ቀረብ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል።

«ወንድሞቼ፣ አራዳ የት ነው?»

ወጣቶቹ ይተያያሉ። አንዱ «ክፍለ ከተማውን ነው?» ይላል። ሁለተኛው ትከሻውን ይነቀንቃል። ሦስተኛው፣ ጸጉሩን በጄል ያቆመው፣ ደረቱን መታ መታ አድርጎ «አራዳማ እኔ ነኛ!» ይላል። ሳቅ ይሆናል፤ እንግዳውም አብሮ ይስቃል።

አዛውንቱ የጋዜጣቸውን ገጽ ገለጡ። ቀና አላሉም።

«ፋራ!» አሉ።